«ቦታው እዚህ አይደለም»? ታዲያ የት ነው?

ችሎት ተመላላሽ፦ ትናንት ማታ አንድ የሕግ ባለሙያ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ፣ የወንጀል ተከሳሽ ችሎት ፊት መብቴ ተጣሰ ቢል መልሱ «ቦታው እዚህ አይደለም፣ የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ አለለት» ነው አለ። ደሜ ፈላ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 13 አላነበበውም? በየትኛውም እርከን ያለ ዳኛ ምዕራፍ ሦስትን፣ የመብቶቹን ምዕራፍ፣ የማስከበር ግዴታ አለበት እኮ!

የሦስተኛ ዓመት፦ ተረጋጋ ወንድሜ። አንቀጽ 83ስ? የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወስነው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ችሎት ተመላላሽ፦ «በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት አይኖረውም» ይላል 19(5)። ይሄ ምን ትርጉም ይፈልጋል? አማርኛ ነው። ደግሞ ያንን ጉባኤ የሚሰበስበው ማን ሆነና? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት! ከ11 አባላት የምክር ቤቱ ሰዎች ሦስት ናቸው።

ጡረተኛ ዳኛ፦ ልጆቼ፣ ጭንቁ ቦታው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 130 የክስ መቃወሚያዎችን ይዘረዝራል፤ ይርጋ (የክስ ጊዜ ማለፍ) አለ፣ ምሕረት አለ፣ ቀድሞ መፈረድ አለ። «ተገርፌ ነው ያመንኩት» የሚል ግን የለም። ስለዚህ አንዱ ዳኛ ማስረጃው ሲቀርብ ይሰማዋል፣ ሌላው «ከፍርድ ጋር እናየዋለን» ብሎ ያልፈዋል።

ጠበቃዋ፦ «ከፍርድ ጋር»! ጋሼ፣ ደንበኛዬ እጅጌውን ሰብስቦ ሰምበሩን አሳየ። ዳኛው ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ ወረቀታቸውን ገለጡ። ፍርዱ ሲደርስ ሰምበሩ ጠፍቷል። ምኑን ነው የሚያዩት?

አቃቤ ሕግን አትንኩ፦ ያልተገደደ ተከሳሽ አይቼ አላውቅም 😂 የእምነት ቃሉን የሰጠው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት ዳኛ ፊት ነው። «ወደህ ነው?» ተብሎ ተጠይቋል።

ጠበቃዋ፦ ተጠይቋል። ያመጣው መርማሪ በር ላይ ቆሟል። ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ የሚመለሰውስ የት መሰለህ? እዚያው ጣቢያ!

የዲሲው፦ የ1961 ሥነ ሥርዓት ሕግ ይዛችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?

ጡረተኛ ዳኛ፦ 1954 ነው።

የዲሲው፦ በፈረንጅ ነው የቆጠርኩት ጋሼ።

ችሎት ተመላላሽ፦ ችሎትም በፈረንጅ ትቆማለህ? ይልቅ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ ይውጣ ስትል ወዲያው መልሰው ሲያስሩት ጉባኤው የት ነበር?

የሦስተኛ ዓመት፦ እሱ የዋስትና ጉዳይ ነው፣ አታደባልቅ። በአዋጅ 798/2005 ፍርድ ቤቱ ራሱ ጥያቄውን ለጉባኤው መላክ ይችላል።

ጠበቃዋ፦ መልሱ እስኪመጣ ቂሊንጦ እስር ቤት የሚቀመጠው አንተ ነህ?

ጡረተኛ ዳኛ፦ ልጄ፣ ቢያንስ ሰምበሩ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ።

ጠበቃዋ፦ ጠየቅኩ ጋሼ። «ተመዝግቧል» ተባልኩ። ግልባጩ ሲወጣ የለም።

አቃቤ ሕግን አትንኩ፦ ግልባጩን ለጥፊውና እንይ።