ነሐሴ 23 ዓለም ትጠፋለች ብሎ የጠበቀ አለ?

የጦሳ ልጅ፦
ያደግኩት ደሴ ነው። በ1988 ክረምት ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ሌላው ልጅ የህንድ ፊልም ሲጠብቅ እኔ የምጠብቀው ሮቦት ያለበትን ነው። ተርሚኔተር 2ን እዚያ አየሁት። ካሴቱ ብዙ ስለታየ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ዴኩን ከፍቶ ካሴቱን የሚያነበውን «ሄድ» በአልኮል እስኪጠርግ እንጠብቃለን። ፈሳሹ ሰውዬ፣ ከፈሳሽ ብረት የተሠራው ሮቦት፣ በብረት ፍርግርጉ መሃል ሲያልፍ ግን ጥርት ብሎ ታየ። ገላው አለፈ፣ ሽጉጡ ቀረ። ከዚያ እጁን ዘወር አድርጎ አወጣው። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብሎ ይተረጉምልን ነበር። «ኦገስት 29፣ 1997 ሦስት ቢሊዮን ሰው ያልቃል» አለ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ገና ዘጠኝ ዓመት አለን። ተረጋጋሁ። ቤት ገብቼ ለታላቅ እህቴ ስነግራት «እሱ እኮ የፈረንጅ ነው፣ ስምንት ቀንስ» አለችኝ። ለካ የሚመጣው ዓመት ነሐሴ 23 ነው!

ዓመቱን ሙሉ ይህን ይዤ ከረምኩ። ቀኑ ደረሰ፣ ዓርብ ነበር። ጊዮርጊስ ስለሆነ እናቴን ተከትዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለምን እንደመጣሁ አልነገርኳትም።

እናንተስ? ሳይንስ ልቦለድ መጀመሪያ የት አገኛችሁ?

የአራት ኪሎዋ፦
ወንድሜ፣ እኔን ያገኘኝ ፒያሳ፣ ብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ለተማሪ ተብለው በቀላል እንግሊዝኛ ያጠሩ ስስ መጻሕፍት ነበሩ። ጁል ቬርን ሦስት ሰዎችን በመድፍ ወደ ጨረቃ ይተኩሳል። እኔ የማውቀው ትልቅ መድፍ የአፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ሴባስቶፖል ውስጥ ገብተው ከመቅደላ ሲተኮሱ ነበር የሚታየኝ። ካደግኩ በኋላ ሳየው ዘመኑም ተቀራራቢ ነው። መጽሐፉ የወጣው እንደ ፈረንጅ በ1865 ነው፣ መድፉ መቅደላ የወጣው በ1868። የልጅነት ሥዕሌን እስከዛሬ አልቀየርኩትም።

ጅማ 07፦
ተርጓሚው ልጅ! እኛም ጋ ነበር። መብራት ሲጠፋ ማንም አይወጣም። የቀረውን በጨለማ ይጨርስልናል፣ ድምፁን ሁሉ እያስመሰለ። ስንቱን ፊልም መጨረሻውን በጆሮዬ ነው ያየሁት። ዛሬ የት ይሆን?

የጦሳ ልጅ፦
የአራት ኪሎዋ፣ ሴባስቶፖልሽን ወሰድኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ ንጋት ላይ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነበር። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን። ያም ቀን ዓርብ ነው። ለታላቅ እህቴ ደወልኩላት።

«የማን ነው፣ የፈረንጅ?» አለችኝ፣ ገና እንቅልፏን ሳትጨርስ።

«የእኛ ነው» አልኳት።