እህቴ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ውጭ መማር ትፈልጋለች፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ጨርሳ በተፈጥሮ ሳይንስ ከ600 502 አምጥታለች። ዕድሜዋ 18 ነው። ከትንሽነቷ ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ። አራት ኪሎ ተወልዳ ያደገች ልጅ ይሄን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ለበዓል በግ ሲገዛ ቤቱ ለቅሶ ቤት ነበር የሚሆነው።

አሁን አንድ ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ የነበረው ኤጀንት (ስሙ ይቆይ) ከእንግሊዝ አገር የመቀበያ ደብዳቤ አምጥቶላታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ 5,000 ፓውንድ ቅድመ ክፍያ ይፈለጋል። ለእሱ ደግሞ "የፕሮሰስ" 150,000 ብር። እኔ ፒያሳ የነበረችኝ የሞባይል ጥገና ሱቅ ከፈረሰች ወዲህ ተከራይቼ ነው የምሠራው። አባባ ጡረተኛ ነው። አሮጌዋን ቶዮታ ሸጦ፣ የእኔ ቁጠባና የሚደርሰኝ እቁብ ሲጨመር 1.6 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሞላልናል። ሰውዬው "ይሄ ለመነሻ በቂ ነው፤ የቀረውን እዚያ እየሠራች ትከፍላለች፣ ስኮላርሺፕም አይጠፋም" ብሎናል። አባባ መኪናዋን ሊሸጥ ገዢ ይዟል። ይሄ ነገር ያዋጣል? የውጭ አገር ተማሪ ለእንስሳት ሕክምና ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድስ አለ?

ቀልደኛው፦

ያን ሁሉ ብር ከፍላችሁ የሰው ዶክተር አትሆንም እንዴ?

ዶክተር ከቢሾፍቱ፦

ለቀልደኛው፦ ስልሳ ሰባ ሚሊዮን ከብት ያለው አገር ውስጥ ነው ይሄን የምትጠይቀው። ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መኪናዋን እንዳትሸጡ። ሁለተኛ፣ ያን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ እንደገና አንብበው። የተቀበሏት ለእንስሳት ሕክምና ነው ወይስ ለ"ፋውንዴሽን"? ይሄን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኞቹ የእንግሊዝ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች የእኛን 12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን ይዘው በቀጥታ አያስገቡም። ስለዚህ ኤጀንቶች የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት መሰናዶ ነው። መሰናዶውን ጨርሳ ወደ ዋናው ለመግባት ደግሞ እንደ አዲስ ተወዳድራ ነው። በዚያ ላይ ለእንስሳት ሕክምና የማመልከቻው ቀን ከሌላው ትምህርት ይቀድማል፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 15፣ በእኛ ጥቅምት 5 ይዘጋል።

ዋናው ትምህርት 5 ዓመት ነው፣ ካምብሪጅ 6። ለውጭ ተማሪ ክፍያው በዓመት ከ30,000 ፓውንድ በላይ ነው። ምግብና ቤት ገና አልተነካም። ባንተ 1.6 ሚሊዮን አስበው፤ የአንዱን ዓመት ግማሽ እንኳን አይሸፍንም።

"እየሠራች ትከፍላለች" የሚለው ደግሞ ተረት ነው። በተማሪ ቪዛ በትምህርት ጊዜ የሚፈቀደው በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ከዲግሪ በታች ለሆነ ትምህርት፣ ማለትም ለፋውንዴሽኑ፣ 10 ሰዓት ብቻ። በዚህ ሂሳብ የአውቶቡሱን ብትችል ጎበዝ ናት።

ሸገር_21፦

ኮመንዌልዝ የሚባል ስኮላርሺፕ አለ አይደል? የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው። ሙሉ ነው አሉ። እሱን ትሞክር።

ባንክ ቤት ነኝ፦

ሸገር፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ኬንያና ኡጋንዳ ናቸው። ቺቭኒንግ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለእኛም ክፍት ነው፣ ግን ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድም ይጠይቃል። ለ18 ዓመት ልጅ አይሆንም።

ስለ ገንዘብ ዝውውሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራዬ ስለሆነ። የትምህርት ክፍያ ከባንክ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ አካውንት ነው የሚሄደው፣ የመግቢያ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ቀርቦ። "ለእኔ ስጡኝ፣ እኔ አስተላልፋለሁ" ካለህ እዚያው ጋ አቁም። ለእንግሊዝ ቪዛ ደግሞ የአንድ ዓመቱ ክፍያና የመኖሪያ ገንዘብ ለ28 ተከታታይ ቀን በአካውንት ተቀምጦ መታየት አለበት። ለጤና አገልግሎት በዓመት 776 ፓውንድ ከቪዛው ጋር አብሮ ይከፈላል። ኤጀንቱ ይሄን ነግሯችኋል?

ምንዛሪውንም እንዳትረሳ። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ በብር አስቀምጦ ልጁን ሊልክ ያሰበ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዘቡ ከግማሽ በታች ሆነበት። የአምስት ዓመት ክፍያ በብር ማቀድ ማለት በዝናብ ጨው መሸከም ነው።

የፒያሳ ልጅ፦

28 ቀን ምናምን የሚል ነገር አልነገረንም። ደብዳቤውን ማታ ቤት ስገባ አያለሁ። እሺ፣ እንግሊዝ ይቅር። ሌላስ?

ቡዳፔስት ያለችው፦

ሃይ። እኔ እዚህ ያለሁት በሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፣ ስቲፔንዲዩም ሁንጋሪኩም ይባላል። ከ2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ያለ ነው። የምማረው ሌላ ነገር ነው፣ ግን የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማ ነው። 1787 የተመሠረተ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር። ትምህርቱ 11 ሴሚስተር ነው። የሚሰጡት ዲግሪ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይሠራል።

ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይችላል። ዶርም ይሰጣሉ፣ ወይም ለቤት ኪራይ መደጎሚያ። የጤና መድን አለ። የኪስ ገንዘቡ ለመጀመሪያ ዲግሪና ለማስተርስ በወር 43,700 ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ) ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እህትየው ይሄን እያነበበች ከሆነ፦ ቡዳፔስት ውስጥ በዚህ ብቻ አይኖርም። ከቤት የሆነ ነገር መላክ አለበት ወይም መሥራት ይኖርብሻል። የአውሮፕላን ቲኬትም የራስሽ ነው። የአባባ ቶዮታ ያኔ ብትሸጥ ይገባኛል።

ማመልከቻው ኦንላይን ነው፣ ነጻ ነው፣ ጥር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በእኛ በኩል ትምህርት ሚኒስቴር ስምሽን ለእነሱ ማቅረብ አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ ኦንላይኑን ሞልቶ ሚኒስቴሩ ያወጣውን ማስታወቂያ ሳያይ ይቀራል። ሁለቱንም አድርጉ። ስትሞሉ ደግሞ የእንስሳት ሕክምናው ለኢትዮጵያውያን ክፍት መሆኑን ዝርዝሩ ውስጥ እዩ፤ ሁሉም ትምህርት ለሁሉም አገር አይከፈትም። የመግቢያ ፈተናው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ኬሚስትሪዋን ከአሁኑ ትያዝ። እዚህ ገብቶ መቆየትም ሌላ ነገር ነው። ክሬዲት ካላሟላሽ ስኮላርሺፑ ይቋረጣል።

አንካራ፦

የቱርክም አለ። ቱርኪዬ ቡርስላሪ። ክፍያ፣ ዶርም፣ ወርሃዊ ገንዘብ፣ መድን፣ የመሄጃና የመመለሻ ቲኬት፣ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት። ሁሉም በእነሱ ነው። ማመልከቻው ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 አካባቢ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች መሆን አለበት፤ እህትህ ጊዜ አላት፣ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ካባከነች ያልፋታል። የእንስሳት ሕክምና 5 ዓመት ነው፣ በአብዛኛው በቱርክኛ። ቱርክኛ አይከብድም፣ ሰዋስዉ ልክ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ማንም ለዚህ ብር ከጠየቀህ ሌባ ነው፣ ማመልከቻው ነጻ ነው።

ጋሽ ሞስኮ፦

ልጆች፣ እኔ በደርግ ጊዜ ነው ሶቪየት ኅብረት ሄጄ በእንስሳት ሕክምና የተመረቅሁት። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ አምስት ዓመት። በክረምቱ የላም ጋጣ ውስጥ መግባት እንደ ሽልማት ነበር፤ ከውጭው ይሞቃል። ያን ጊዜ ግን የሚልከን መንግሥት ነበር፣ ከኪሳችን ሳንቲም አልወጣም።

የሩሲያ መንግሥት ኮታ ዛሬም አለ። ትምህርቱ በነጻ ነው፣ ዶርሙ ርካሽ ነው። ነገር ግን ቲኬትና መድን በራስ ነው፣ ወርሃዊው ለስም ያህል ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቹ የሩሲያ ባንኮች ከዓለም አቀፉ የክፍያ ሥርዓት ስለወጡ ከአዲስ አበባ ለልጅ ገንዘብ መላክ ራሱ ፈተና ነው። ይሄን አስባችሁ ግቡበት።

ስድስት ኪሎ፦

ጀርመን ለምን አይነሳም? አምስት የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ አለ፦ በርሊን፣ ሙኒክ፣ ላይፕሲግ፣ ሃኖቨርና ጊሰን። አምስቱም መንግሥት ቤት ናቸው። የእንግሊዝን ዓይነት ክፍያ የለም፣ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ትምህርቱ በጀርመንኛ ነው፣ ጠንካራ ጀርመንኛ፣ እና የእኛ 12ኛ ክፍል በቀጥታ ስለማያስገባ መሰናዶ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ ለቪዛ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ አካውንት ማስቀመጥ አለባት። ይሄ ገንዘብ ግን አይጠፋም፣ እዚያ ስትደርስ በየወሩ 992 ዩሮ እየሆነ ለራሷ ይለቀቅላታል። ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎተ ኢንስቲትዩት ለእናንተ ቅርብ ነው፤ ከአራት ኪሎ በእግሯ ትሄዳለች። እኔ እዚያ ጀምሬ ቢ1 (መካከለኛው ደረጃ) ላይ ደክሞኝ ተውኩት፣ እሷ ግን 18 ዓመቷ ነው።

ሜሪላንድ፦

የአሜሪካን በአጭሩ ልዝጋው። እዚህ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያ 4 ዓመት ነው። የፌዴራል የትምህርት ብድር ለውጭ ተማሪ አይሰጥም። የግል ባንክ ብድር ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካልፈረመልህ የማይታሰብ ነው። ለመፈረም እሺ የሚል ዘመድ ካለህ ደግሞ በጣም ነው የሚወድህ፣ ምክንያቱም ዕዳው ከ200,000 ዶላር ያልፋል። በቃ።

ዶክተር ከቢሾፍቱ፦

ሁሉም ጥሩ ተናግሯል። እኔ ግን የራሴን መንገድ ልንገርህ፣ ምክንያቱም በእንስሳት ሕክምና ገንዘቡ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ አይደለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው።

እኔ የተማርኩት እዚሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቢሾፍቱ ያለው ኮሌጅ ነው። በ1979 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተከፈተ ነው፣ የእኛ አንጋፋ ሁላ የወጣው ከዚያ ነው። ከፍሬሽማን ጋር ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። በመንግሥት ምደባ ከገባች ወጪ መጋራት ፈርማ ትማራለች፣ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ነው የምትከፍለው። ስመረቅ ቤተሰቤ ያወጣልኝ ወጪ የትራንስፖርትና የሳሙና ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ወረዳ ሠራሁ። ክትባት፣ አባ ሰንጋ፣ የላም ምጥ፣ ሌሊት አህያ ሰፍቼ አውቃለሁ። ይሄ የሥራ ልምድ ነው በሩን የከፈተልኝ። ማስተርሴን በአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ፣ በኤራስመስ ሙንዱስ፣ ተማርኩ። አሁን ወርሃዊው 1,400 ዩሮ ነው፣ የትምህርት ክፍያ የለም። ለጀርመኑ ስኮላርሺፕ ለዳድ፣ ለቺቭኒንግ፣ ለብዙዎቹ የሁለት ዓመት ልምድ ነው የሚጠየቀው። ፒኤችዲ ስትደርስ ደግሞ ስዊድንና ኖርዌይ ተማሪ ሳይሆን ሠራተኛ ነው የሚሉህ፣ ደመወዝ ይከፍላሉ። የእኛ ሰዎች ይመረጣሉ፤ እነሱ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁትን በሽታ እኛ በእጃችን ነክተነዋል።

ቢሾፍቱ ራሷ ቀላል ከተማ አይደለችም። የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ክትባት ፋብሪካ እዚያ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ፣ እዚያ ነው። በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከዓለም የጠፋው የከብት ደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) ቫይረስ ናሙና በጥብቅ ከሚቀመጥባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ጉርድ ሾላ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ ለምርምር ተማሪዎች ዕድል ይሰጣል። ሰው ይሄን በአፍንጫው ሥር አስቀምጦ ለኤጀንት ይከፍላል።

ጉድለቱንም ልንገርህ። የእኛን ዲግሪ ይዛ አሜሪካ በሐኪምነት ልሥራ ብትል ረጅምና ውድ የብቃት ፈተና አለ። እንግሊዝም እንዲሁ። ምርምር፣ ክትባት፣ የኅብረተሰብ ጤና ላይ ለመሥራት ግን አያግዳትም። የውሻና የድመት ክሊኒክ አውሮፓ ውስጥ መክፈት ከሆነ ህልሟ፣ የቡዳፔስቷ ልጅ ያለችውን ትከተል።

እስከዚያው በነጻ የሚሠራ ነገር፦ ክረምቱንና ቅዳሜዋን አንድ ክሊኒክ ሄዳ ታግዝ። ቢሾፍቱ የጋሪ ፈረስ የሚያክሙ አሉ። ደም ስታይ ትወድቅ እንደሆነ ከ5,000 ፓውንድ በፊት ትወቀው።

የፒያሳ ልጅ፦

ዛሬ ኅዳር ገብቷል፣ ልመልስላችሁ ብዬ ነው። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ፋውንዴሽን ነው። የእንስሳት ሕክምና የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም፣ "የጤና ሳይንስ መሰናዶ" ነው የሚለው። ሰውዬውን ስጠይቀው "ያው ነው" አለኝ። 28 ቀኑን ሳነሳበት ስልክ ማንሳት አቆመ። ደግነቱ ሰባራ ሳንቲም አልሰጠነውም። አባባ ገዢውን መልሶታል፣ ቶዮታዋም ያው በር ላይ ቆማ ዘይት ታንጠባጥባለች።

እህቴ እዚህ የደረሳትን ምደባ ትገባለች፣ ጎን ለጎን ሃንጋሪና ቱርክ ትሞላለች። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየሄደች ነው ፎርሙን የምትሞላው፣ ኢንተርኔቱ ከቤት ይሻላል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ፓስፖርቷ ገና አልወጣም፤ ለማመልከቻው ግድ ነው?

ቡዳፔስት ያለችው፦

ፓስፖርት ሳይኖራት ብትሞላም በኋላ ይጠየቃል። ነገ ሳትሉ ዛሬ አመልክቱ፤ ስኮላርሺፕ አግኝቶ በፓስፖርት ወረፋ ምክንያት የቀረ ሰው አውቃለሁ።

እህትየው፦

አዲስ አካውንት ነው፣ ወንድሜ ነው የከፈተልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ክሊኒክ ሄጄ የበሬ ቁስል ሲጠረግ አየሁ፣ አልወደቅኩም። በበጉ ላይ ያለቀስኩት ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ወንድሜ እሱን መጻፍ አልነበረበትም።