የእርሻ መሬት ዋጋ በምን ይተመን?

መሬት መሸጥና መግዛት በሚፈቀድበት አገር ከወንድሜ ጋር 40 ሄክታር የእርሻ መሬት ወርሰናል። እሱ ማረሱን ይቀጥላል፤ እኔ ድርሻዬን ልሸጥለት ነው። ዋጋው ላይ ግን መግባባት አቃተን።

መጀመሪያ በኪራይ አሰላሁት። ግብርንና ወጪን ቀንሼ የቀረውን የዓመት ኪራይ ለ4 በመቶ (ገዢው ካወጣው ገንዘብ በዓመት ለሚጠብቀው ትርፍ) ሳካፍል ዋጋው የኪራዩ 25 እጥፍ መጣ። በ3 በመቶ ከሆነ ወደ 33 ይዘላል። አንድ ፐርሰንት እንዲህ ታናጋዋለች!

በአካባቢው የተሸጡት ደግሞ የዚህን እጥፍ አውጥተዋል። ግን እነሱ አስፋልት ዳር ናቸው፤ ገዢዎቹም ቤት ሊሠሩባቸው ነው። የእኛ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። አፈሩ ጥሩ ነው፣ ሩቡ ላይ ግን ዝናብ ሲበዛ ውሃ ይተኛበታል። ወንድሜ ያንን ዋጋ አርሶ አይከፍለውም።

ከእነዚያ ሽያጮች ላይ የቤት መሥሪያውን ተስፋ ቀንሶ የእርሻውን ዋጋ ብቻ ማውጣት የሚቻለው እንዴት ነው?