ከኮሌጅ ኳስ ወደ ፕሮፌሽናል፦ በ21 ዓመት ረፍዷል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ እዚህ ሜሪላንድ ለኮሌጁ ይጫወታል፣ 21 ዓመቱ ነው። «አውሮፓ ቢሆን አልቆለታል» ይሉኛል። እውነት ነው?

የኳስ ወዳጅ፦ ኧረ በፍጹም! ክሊንት ዴምፕሲን እይ። ፈርማን በሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ፣ በ2004 የኤምኤልኤስ (የአሜሪካ ዋናው ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት፣ 8ኛ ተመርጦ ኒው ኢንግላንድ የሚባል ክለብ ገባ፣ 2007 ላይ ፉልሃም፣ ከዚያ በ2010 ጁቬንቱስ ላይ በበረኛው አናት አሻግሮ ያስቆጠራት ያቺ ጎል (እስከ ዛሬ ደጋግሜ አያታለሁ)፣ ለአሜሪካ ደግሞ 57 ጎል።

ተከላካይ 4፦ ልክ ነው፣ ግን ድራፍት ላይ መመረጥ ኮንትራት ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሙከራ ገብተው ይመለሳሉ። የኮሌጅ ውድድር አጭር ነው፣ ስለዚህ ሰመር ላይ ዩኤስኤል ሊግ ቱ (የኮሌጅ ልጆች የሚጫወቱበት የሰመር ሊግ) ይጫወት። መልማዮች እዚያም ይመጣሉ። ትምህርቱን ግን እንዳያቋርጥ አደራ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ሰመሩን አላሰብኩትም ነበር፣ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።