ለክፍለ ከተማው የምናስገባው ሐሳብ፦ መርዝና መጤ ተክል

ሰብሳቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። ረቂቁ እስከ እሁድ ማለቅ አለበት። ሁለት ጉዳይ ተነስቷል፤ በየገበያው የሚቸረቸረው መርዝና መጤ ተክል። አንድ ላይ ይሂዱ ወይስ ይለያዩ?

ጸሐፊ፦ እኔ መርዙ ይቅደም ባይ ነኝ። ጎረቤቴ ከመርካቶ የትኋን መድኃኒት ገዝታ ስትመጣ በሃይላንድ ነው የያዘችው። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ክዳኑ በፌስታል ተጠቅልሏል። ወተት የመሰለ ነገር ነው። ሕፃን አግኝቶ ቢጠጣው፣ ሐኪሙ "ምን ጠጣ?" ሲል እናቲቱ ምን ትመልሳለች? ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጋሼ (ከሕግ ኮሚቴ)፦ ልክ ነሽ ልጄ፣ ግን "አዲስ ሕግ ይውጣ" የሚለውን ከረቂቁ አውጡት። አዋጅ 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ለአደገኛ ቆሻሻም 1090/2010 አለ። የጠፋው ሱቅ ድረስ ወርዶ የሚያይ ሰው ነው። እሱን እንጠይቅ።

የችግኝ ሥራ ያለኝ ከአራት ኪሎ፦ ተክሉን ግን እንዳትጥሉት! የደኅንነተ ሕይወት አዋጁ 655/2001 የሚመለከተው ልውጥ ሕያዋንን፣ ማለትም ዘረመላቸውን ሰው የለወጠውን ፍጥረታት ነው። እምቦጭ ልውጥ አይደለም፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ አበባው ስላማረ በጌጥነት ዓለምን የዞረ፣ ቆቃን ይዞ ኋላም ጣና ላይ የተንሰራፋ ተራ አረም ነው። ኒውዚላንዶች እ.ኤ.አ. በ1996 መርዙንም አዲስ ዝርያውንም በአንድ ሕግ አሰሩት። ከጁላይ 29 ቀን 1998 በፊት አገራቸው ያልነበረ ዝርያ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ ተመርምሮ ካልተፈቀደ አይገባም። እኛ ጋ ከወረረ በኋላ ነው ሰው በዘመቻ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚነቅለው።

ጋሼ፦ ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ግን ክፍለ ከተማ ድንበር አይጠብቅም። ይሄ ለፌዴራል ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ እንለያያቸው። ለክፍለ ከተማው መለያ የሌለው መርዝ በሃይላንድ እንዳይሸጥ ቁጥጥር፣ ለችግኝ ሻጮች ደግሞ የእምቦጭና ቅንጨ የሚባለው መጤ አረም ፎቶ ያለበት ወረቀት። የኒውዚላንዱ ነገር በሁለተኛው ደብዳቤ ይግባ።

የችግኝ ሥራ ያለኝ፦ ተስማምቻለሁ። ግን ሻጩን ብቻ አትቅጡ በሉልኝ፤ ብዙዎቻችን የምንሸጠውን ተክል በአበባው እንጂ ከየት እንደመጣ አናውቀውም። ፎቶዎቹን እኔ አዘጋጃለሁ።

ሰብሳቢ፦ በጣም ጥሩ። ጋሼ፣ የአዋጆቹን አንቀጾች እስከ ዓርብ ላኩልን። ጸሐፊያችን ሁለቱን ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ቅዳሜ እዚሁ አንብበን እንፈርማለን።