ሎጂክ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ሆኖ ይቀጥል ወይ? ከጅማ የተነሣ ክርክር

ጥያቄው፦ «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በሁሉም ዘርፍ ላሉ አዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የግዴታ ኮርስ ሆኗል። እንዳለ ይቀጥል፣ ይቅር፣ ወይስ ሳይንስ እንዴት ወደ እውቀት እንደሚደርስ በሚመረምረው የሳይንስ ፍልስፍና ይተካ?

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ፦ እኔ ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ። ያጠናነው የሕጸጽ፣ ማለትም የሙግት ስሕተቶች፣ ዝርዝር ነበር፤ የላቲንና የእንግሊዝኛ ስማቸውን ሸምድደን፣ የምርጫ ጥያቄ ላይ መልስ አክብበን ወጣን። ምሳሌዎቹ በእንግሊዝኛ ስለነበሩ፣ ዶርም ውስጥ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ስንሟገት የምንሠራውን ስሕተት ከዝርዝሩ ጋር ያገናኘ ጓደኛ አላጋጠመኝም። ጊዜው ለፕሮግራሚንግ ቢውል ይሻላል።

የሎጂክ መምህር፦ ወንድሜ፣ ቅሬታህ በአፈታተኑ ላይ ከሆነ እስማማለሁ፤ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ይዤ የጽሑፍ መልስ ማረም ስለማልችል እኔም ምርጫ አወጣለሁ። ትምህርቱ ይቅር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። «ወባ የያዘውን ሰው ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህን ሰው አንቀጥቅጦታል፤ ስለዚህ ወባ ይዞታል» የሚለውን ሙግት ተመልከት። የሳንባ ምችም ስለሚያንቀጠቅጥ፣ ሁለቱም መነሻዎች እውነት ሆነው መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ይችላል። ይህን ቅርጽ ለይቶ የማያይ መሐንዲስም ግድግዳ ተሰንጥቆ ባየ ቁጥር መሠረቱ ሰምጧል ብሎ ይፈርዳል።

የሕክምና ኢንተርን፦ መምህር፣ ምሳሌዎ የእኔን ሥራ ስለሚነካ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። እኛ ዋርድ ውስጥ ስናስብ የምንውለው እርስዎ ስሕተት ባሉት ቅርጽ ነው። በጥቅምት ወር ከጊቤ ቆላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ታካሚ ሲመጣ አስቀድመን ወባን የምንጠረጥረው ከምልክቱ ወደ መንሥኤው እየሄድን ነው፤ ወቅቱና የመጣበት ቦታ ግምታችንን ያጠነክሩታል እንጂ አያረጋግጡትም። ፈላስፋው ካርል ፖፐር በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳስተማረው፣ ሳይንሳዊ ግምት በማስረጃ ብዛት አይረጋገጥም፤ ውድቅ ግን ሊሆን ይችላል። ጥሩ፤ እንግዲህ በፈጣን መመርመሪያው ኪት ላይ የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ ወጣ፣ ማለትም ውጤቱ ወባ አላሳየም፣ እንበል። ግምታችን ወደቀ ማለት ነው? አይደለም። ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት በብዛት የሚሠራበት ኪት የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህን ፕሮቲን የሚያስገኘው ጂን የጎደላቸው የወባ ተሕዋስያን በአገራችንም ተገኝተዋል። ስለዚህ የደም ናሙናው በማይክሮስኮፕ እስኪታይ ድረስ የተሳሳተው ግምታችን ይሁን ወይስ በኪቱ ላይ ያለን እምነት አናውቅም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዱሄም ያነሣው ችግር ይኸው ነው፤ ሙከራ አንድን ግምት ለብቻው ነጥሎ አይፈትንም፤ ከመሣሪያውና ስለ መሣሪያው ከምናምነው ሁሉ ጋር እንጂ። በአንደኛ ዓመት ይህን የነገረኝ አልነበረም።

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ፦ ዶክተር፣ የተናገሩት የእኔን አቋም የሚደግፍ ነው። ያንን ማሰብ ያስተማረዎት ዋርዱ እንጂ ኮርሱ አይደለም።

የኅብረተሰብ ጤና መምህርት፦ ዋርዱ ለሁሉም አያስተምርም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ተዋህደው ከመመሥረቱ ጀምሮ፣ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል፤ ተማሪዎቻችን ለሲቢቲፒ (በማኅበረሰብ ውስጥ ለሚሰጠው የሥልጠና ፕሮግራም) ቤት ለቤት መጠይቅ ይዘው ይወጣሉ። ካረምኳቸው ሪፖርቶች በአንዱ «መጸዳጃ ቤት ባላቸው ቤቶች የሕፃናት ተቅማጥ ያነሰ ስለሆነ፣ መጸዳጃ ቤቱ ተቅማጡን ቀንሶታል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ራሳቸው የሞሉትን ቅጽ ገልጬ ሳይ፣ መጸዳጃ ካላቸው ቤቶች አብዛኞቹ የቧንቧ ውሃም ነበራቸው። ልዩነቱ ከመጸዳጃው ይምጣ ከውሃው፣ ወይስ ሁለቱንም ማሠራት ከቻለው የቤተሰቡ ገቢ፣ የጠየቀ የለም። ሎጂክን ሁሉም አልፈዋል፤ «ኤ» ያመጡም አሉባቸው። በእኔ አስተያየት የአንደኛ ዓመቱ ኮርስ በግማሽ ይቀነስና፣ ቀሪው የሳይንስ ፍልስፍና ሆኖ ተማሪው ለመስክ ሊወጣ ሲል፣ በራሱ ቅጽ ላይ ይሰጥ።

ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር፦ ልጄ፣ ሐሳብሽ መልካም ነው፤ ግን ሁለት ነገር ያሰጋኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ፣ በዚያ አላበቁም፤ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው እንዶዱን ጨምረው ፈተኑ። ያንን ዓይን የሰጣቸው ስለ ሳይንስ የተነገራቸው ንግግር አይመስለኝም፤ ቀንድ አውጣውንና ቢልሃርዝያን ማወቃቸው ነው። ሁለተኛው ሥጋቴ ይበልጣል፤ የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው ቶማስ ኩን በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ ፓራዳይም፣ የአንድ ዘመን ሳይንቲስቶች በጋራ ስለሚሠሩበት ማዕቀፍ፣ የጻፈውን በግማሽ ጆሮ የሰማ ተማሪ «ሳይንስም የአንድ ዘመን አመለካከት ነው» እያለ ክትባትን ሲያጣጥል ሰምቻለሁ። ግማሽ የሳይንስ ፍልስፍና ከምንም የከፋ ነው።

የሎጂክ መምህር፦ ጋሼ፣ ሥጋትዎን እጋራለሁ፤ ኩን እንዲያ አላለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን አስተማሪው ነው። እኔ ስለ ኪቱ አላውቅም፤ የጤና መምህራን ደግሞ ዱሄምን አላነበቡም። ሁለታችን አብረን እንግባ ብንል፣ ክሬዲቱ ለየትኛው ትምህርት ክፍል ይቆጠራል? ይህ ካልተፈታ ኮርሱ ተመልሶ ሃንድአውት ይሆናል፤ «ፖፐር ምን አለ? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ»።

የኅብረተሰብ ጤና መምህርት፦ ክሬዲቱን የሚወስነው ሴኔቱ ስለሆነ እኛ እዚህ አንጨርሰውም። የሚቀጥለው ቡድን ለመስክ ከመውጣቱ በፊት ግን ያንን ሪፖርት የተማሪዎቹን ስም አጥፍቼ ይዤ እገባለሁ፤ መምህር፣ ፈቃድዎ ከሆነ እርስዎም ይገኙና ዓረፍተ ነገሩን በተማሪዎቹ ፊት አብረን እንመርምረው።

የሎጂክ መምህር፦ እመጣለሁ፤ ፈተናውን ግን በምርጫ አላወጣም።