በ315 ኪሎ ሜትር የብስክሌት ጉዞ መካከል ጉልበት ከዳኝ፤ በጾም ወቅት ምን እየበላሁ ልንዳ?

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)

ዕድሜዬ 41፣ ክብደቴ 72 ኪሎ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ፣ እዚህ ስዊድን የቬተርንን ሐይቅ ዙሪያ 315 ኪሎ ሜትር በሚያስኬደው ቬተርንሩንዳን ተሳትፌ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሞታላ ከተማ ተነሣሁ። እስከ ዮንሾፒንግ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፈጣን ቡድን ጋር ድካም ሳይሰማኝ ነዳሁ። ስላልራበኝ የበላሁት አንድ ሙዝ ብቻ ሲሆን፣ የጠጣሁትም ሁለት ኮዳ ንጹሕ ውኃ ነበር። ካርልስቦርግ የተባለችውን ከተማ ካለፍሁ በኋላ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብም ያጠምቀኝ ጀመር፤ ሜዳውን በዳገት ማርሽ እየገፋሁ አንድ ሽማግሌ እያፏጩ ሲያልፉኝ ብስክሌቴን ዛፍ አስደግፌ ተቀመጥሁ። ቀጥሎ ባለው ማረፊያ ያገኘሁትን ድንችና ፍራፍሬ አግበስብሼ ብበላ ደግሞ ሆዴ ተነፍቶ አቅለሸለሸኝ። ጉዞውን ጨርሻለሁ፤ የመጨረሻው 90 ኪሎ ሜትር ግን ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት መብላት ባይከለከልም፣ ከጥሉላት መታቀብ ስላለብኝ በየማረፊያው የሚታደለውን ቅቤና ወተት ያለበትን ጣፋጭ ዳቦ አልፌዋለሁ። ከመነሣቴ በፊት፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ምስር ወጥ በእንጀራ እስክጠግብ በልቼ ነበር። በመጪው ሰኔ ልደግመው አስቤአለሁና ስሕተቴ የቱ ላይ እንደሆነ ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ ተወዳዳሪ

ወንድሜ፣ ካርልስቦርግ ላይ የታየው ድካም የተጀመረው ከሞታላ በወጡ በመጀመሪያው ሰዓት ነው። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ 500 ግራም ያህል፣ ማለትም 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለው ጉዞ ደግሞ የዚህን ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ቀሪውን የሰውነት ስብ ያግዛል፤ ነገር ግን ስብ ቀስ ብሎ የሚነድ ስለሆነ፣ ከአቅም በላይ በሆነ ፍጥነት ሲነዱ ሰውነት ያንኑ ጥቂት ስኳር አብዝቶ ይፈጃል። አንዱ ሙዝ የሰጠዎት 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ገደማ ብቻ ነው። እኔ የእጅ ሰዓቴን በየ20 ደቂቃው እንዲጮኽ አድርጌ፣ ቢርበኝም ባይርበኝም አንድ ጉርሻ እጎርሳለሁ። ፈጣኑን ቡድን ደግሞ ቢያንስ እስከ ዮንሾፒንግ ይተዉት፤ ይህን ምክር የሚሰማኝ ሰው ባላገኝም መናገሬን አልተውም።

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ

ከላይ በተባለው ላይ ልኩን ልጨምር። ለረጅም ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የተለመደ ነው፤ ሆዳቸውን ያለማመዱ ሰዎች እስከ 90 ግራም ይደርሳሉ። ግሉኮስ የተባለው የስኳር ዓይነት ብቻ ሲሆን አንጀት በሰዓት ከ60 ግራም ብዙም አያሳልፍም፤ ፍሩክቶስ የተባለው ሌላው ዓይነት ግን በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱ ሲደባለቁ የበለጠ ይሠራሉ። ተራ ስኳር ከሁለቱ እኩል የተሠራ በመሆኑ ውድ የስፖርት መጠጥ ዱቄት መግዛት ግድ አይደለም፦ 750 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኮዳ ውስጥ 60 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ምስሩን ዓርብ ምሳ ላይ ይብሉት፤ ማታ ነጭ ሩዝ ወይም ድንች በጥቂት ዘይት ይሻላል፤ ምክንያቱም የጥራጥሬ አሰር በጉዞ ላይ ሆድ ይነፋል። ጾመኛ ስብ ማንደድ ስለለመደ ሳይበላ መንዳት ይችላል የሚሉ ወዳጆች አሉ፤ ለአንድ ሰዓት የዝግታ ልምምድ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለ315 ኪሎ ሜትር ግን አልስማማም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ልክ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጠቀም።

መልስ፦ የዬተቦሪ ነዋሪ

እኔ ሁለት ጊዜ በጾም ነድቼዋለሁ፤ ስንቄም በሶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ለመንገደኛ እንደምታደርገው በዘይት ለውሼ ጭብጦ ያዝሁ፤ እስከ እኩለ መንገድ ከበላሁት በኋላ ግን ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። በሁለተኛው ዓመት በወንፊት ደጋግሜ የነፋሁትን በሶ ያለ ዘይት፣ በማር፣ በትንሽ ሙቅ ውኃና በቁንጥጫ ጨው ለወስሁትና በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ መጠን እያድበለበልሁ ጠቀለልሁት። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እንዳይደርቅ በማሊያዬ የኋላ ኪስ፣ ከገላዬ አጠገብ ያዝሁት። በሶ የምበላው እስከ ዮንሾፒንግ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማኘክ ራሱ ስለሚያታክት ቤት ሳለሁ ፍሬውን ያወጣሁለትን ተምርና የስኳር ውኃ እወስዳለሁ። በየማረፊያው የሚቀርበው ትኩስ የብሉቤሪ ሾርባ ለጾመኛ ባለውለታ ነው፤ ረጅም ወረፋ ቢኖረውም ይሰለፉ። ጨው ሲያምርዎት ደግሞ የኮመጠጠው ኪያር አለ።

መልስ፦ ነርስ

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። ደከመኝ ብለው ንጹሕ ውኃ ብቻ አብዝተው አይጠጡ፤ የደም ሶዲየም እየቀጠነ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር፣ ሲከፋም ራስን መሳት ያስከትላል። በልምምድ ቀን ከመውጣትዎ በፊትና ከተመለሱ በኋላ ይመዘኑ፤ ክብደትዎ ጨምሮ ከተገኘ ከሚያልብዎት በላይ ጠጥተዋል ማለት ነው።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት 45 ግራም እየወሰድሁ ሞከርሁ፤ በሶው በማር ተስማምቶኛል፤ ክብደቴም ስመለስ 1 ኪሎ ብቻ ቀንሶ ነበር። ያስቸገረኝ መጠቅለያው ነው፤ በጓንት ፎይሉን መላጥ ስላልቻልሁ ሁለቱን ጉርሻ ከነፎይሉ ነክሼ ተፍቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ልኩን ወደ 60 ግራም ከፍ አደርጋለሁ።